ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ጊታር ይውረድ

በብዙ ቤተሰብ ዘንድ ጊታር እንደ ጌጥ ዕቃ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ወይም ከቁም ሣጥን ጎን ተደግፎ አቧራ ሲጠጣ ይታያል። አንዱ ልጅ ተማሪ ሳለ ገዝቶት ሥራ ሲይዝ ትቶት የሄደ ይሆናል፤ ወይም ከውጭ አገር የመጣ ዘመድ በስጦታ ያበረከተው ይሆናል። የቤቱ ልጆች አንድ ሁለት ቀን ነካክተውት ጣታቸውን ሲያማቸው ወደ ቦታው ይመልሱታል። የቤቱ እመቤትም ቤት ስታጸዳ አቧራውን ትጠርግለታለች እንጂ «እስቲ እኔስ ብሞክረው?» የሚል አሳብ እምብዛም አይመጣላትም። ቢመጣላትም «ከእንግዲህ ወዲያ ምን ሊሆነኝ? ጊዜውስ ከየት ይገኛል?» ብላ ትተወዋለች።

የዛሬው ጽሑፋችን ዓላማ ይህን አሳብ መቃወም ነው። ጊታርን ከዳር እስከ ዳር ለማስተማር አንሞክርም። አንድ ነገር ብቻ፣ ይኸውም ማይነር ኮርድ የሚባለውን የድምፆች ጥምረት በቤት ውስጥ እንዴት መማር እንደሚቻል እናስረዳለን። ነገሩ በቀን 15 ደቂቃ የሚጠይቅ ነው። አብዛኞቹን እህቶቻችን የሚያሸንፋቸውም የትምህርቱ ክብደት ሳይሆን የእነዚህ 15 ደቂቃዎች መታጣት መሆኑን ከወዲሁ እንገልጻለን።

ከክራር ወደ ጊታር

በአገራችን ሴት ልጅ ባለ ክር የሙዚቃ መሣሪያ ታቅፋ መታየቷ አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ያረፈችው አርቲስት አስናቀች ወርቁ በመድረክ ተዋናይነቷና በድምፃዊነቷ ብቻ ሳይሆን በክራር አጨዋወቷም ትታወሳለች። ክራር ሲጫወቱ ያየ ሰው የጊታርንም ጠባይ በቀላሉ ይረዳል። ልዩነቱ ይህ ነው፤ ክራርን እየገረፈ የሚጫወት ሰው የማይፈልጋቸውን ክሮች በግራ እጁ ጣቶች አፍኖ የሚፈልጋቸውን ብቻ ያሰማል። የጊታር ተጫዋች ግን ክሩን በጣቱ ተጭኖ ያሳጥረዋል፤ ክሩ ባጠረ ቁጥርም ድምፁ ይቀጥናል።

ጊታር ስድስት ክሮች አሉት። ታቅፈነው ስንቀመጥ በመሬት በኩል ያለው ቀጭኑ ክር አንደኛ፣ በፊታችን በኩል ከላይ የሚውለው ወፍራሙ ክር ስድስተኛ ይባላል። ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ስንቆጥር የክሮቹ ድምፆች በላቲን ፊደል ስም ኢ፣ ኤ፣ ዲ፣ ጂ፣ ቢ፣ ኢ ናቸው። በአንገቱ ላይ በአግድም የተተከሉት ቀጫጭን ብረቶች ፍሬት ይባላሉ። ለአነጋገር እንዲመቸን በብረቶቹ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ «ቤት» እንለዋለን። በመቃኛ ቁልፎቹ በኩል ያለው የመጀመሪያው ቦታ አንደኛ ቤት፣ ቀጣዩ ሁለተኛ ቤት ነው ማለት ነው። ክሩን በአንድ ቤት አልፈን በተጫንን ቁጥር ድምፁ በግማሽ ድምፅ ከፍ ይላል።

ከሁሉ አስቀድሞ ጊታሩ መቃኘት አለበት። ያልተቃኘ ጊታር የያዘች ጀማሪ ጣቶቿን በትክክል ብታስቀምጥም የምትሰማው ድምፅ ስለማያምር ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል። ሙዚቃ የሚያውቅ ጎረቤት ወይም ዘመድ ካለ እንዲቃኝ መጠየቅ ነው። ካልሆነም ዛሬ በእጅ ስልክ ላይ የሚጫኑ የመቃኛ ፕሮግራሞች ስላሉ የክሩን ድምፅ እየሰሙ ከፍ ወይም ዝቅ እንዲል ያመለክታሉ።

ሜጀርና ማይነር የሚለያዩት በአንዲት ቤት ነው

ኮርድ ማለት ቢያንስ ሦስት የተለያዩ ድምፆች አንድ ላይ ሲሰሙ ማለት ነው። አንደኛው መነሻው ሲሆን ኮርዱም በእርሱ ስም ይጠራል። ከመነሻው ተነሥተን አራት ቤት ብንቆጥር ሁለተኛውን ድምፅ፣ ሰባት ቤት ብንቆጥር ሦስተኛውን ድምፅ እናገኛለን። እነዚህ ሦስቱ በአንድነት ሲመቱ ሜጀር ኮርድ ይባላሉ። አሁን መነሻውንና ሰባተኛውን ሳንነካ የመካከለኛውን ድምፅ ብቻ አንድ ቤት ዝቅ እናድርገው፤ ይኸውም በአራት ፋንታ ሦስት ቤት እንቁጠር። የተገኘው ማይነር ኮርድ ነው።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህችው አንዲት ቤት ብቻ ናት። የክሩ ርዝመት 65 ሳንቲ ሜትር በሆነ ጊታር ላይ የመጀመሪያዋ ቤት ስፋቷ 3 ሳንቲ ሜትር ተኩል ያህል ነው። ይሁን እንጂ ይህች ጠባብ ቦታ የዘፈኑን መንፈስ ትለውጣለች። ሜጀር ኮርድ ፈገግ ያለ ፊት ሲመስል፣ ማይነር ደግሞ ረጋና ተከዝ ያለ ይመስላል። ብዙ ሰዎች «ማይነር የኀዘን ነው» ቢሉም አባባሉ ሙሉ አይደለም፤ በማይነር የተሠሩ ሰውን ከመቀመጫው አስነሥተው የሚያስጨፍሩ ብዙ ዘፈኖች አሉ።

አንድ ጣት በማንሳት የሚገኝ ኮርድ

አሁን ጊታሩን ያንሱ። ክንድ በሌለው ወንበር ወይም በዱካ ላይ ቀጥ ብለው ይቀመጡ። የግራ እጅዎን አውራ ጣት ከአንገቱ ጀርባ አሳርፈው ሌሎቹን ጣቶች ሎሚ እንደያዘ እጅ ጎበጥ ያድርጓቸው።

በመጀመሪያ ኢ ሜጀርን እንሥራ። አመልካች ጣትን በሦስተኛው ክር አንደኛ ቤት፣ የመሀል ጣትን በአምስተኛው ክር ሁለተኛ ቤት፣ የቀለበት ጣትን በአራተኛው ክር ሁለተኛ ቤት ላይ ያድርጉ። በቀኝ እጅ አውራ ጣት ስድስቱንም ክሮች ከወፍራሙ ወደ ቀጭኑ ቀስ ብለው ያስሙ። ድምፁ ብሩህ ነው። አሁን ሌሎቹን ጣቶች ሳያንቀሳቅሱ አመልካች ጣትን ብቻ ያንሱና ስድስቱንም ክሮች እንደገና ያስሙ። ጆሮዎ ለውጡን ወዲያው ይሰማዋል። ይህ ኢ ማይነር ነው። ጣትዎ ተጭኖት የነበረው ሦስተኛው ክር ከጂ ሻርፕ ወደ ጂ፣ ማለትም በአንዲት ቤት ዝቅ ስላለ ሜጀሩ ማይነር ሆነ። ሁለት ጣት ብቻ የሚፈልግ ስለሆነ ለጀማሪ ከሁሉ የሚቀለው ይኸው ኮርድ ነው።

ኢ ማይነር ሲለመድ ወደ ኤ ማይነር መሻገር አያስቸግርም። የኢ ሜጀሩን አያያዝ በሦስቱ ጣቶች እንደገና ይሥሩት፤ ከዚያም ሦስቱንም በአንድነት አንድ ክር ወደ መሬት በኩል ያውርዷቸው። አመልካች ጣት በሁለተኛው ክር አንደኛ ቤት፣ የመሀል ጣት በአራተኛው ክር ሁለተኛ ቤት፣ የቀለበት ጣት በሦስተኛው ክር ሁለተኛ ቤት ላይ ይውላሉ። የጣቶቹ አቀማመጥ አንድ ዓይነት ሲሆን ቦታው ብቻ ተለወጠ። ሲመቱ ከአምስተኛው ክር ጀምረው ወደ ታች ይምቱ። ስድስተኛውን ክር ሳያስቡት ቢነኩት አይጨነቁ፤ ድምፁ ኢ ስለሆነና ኢም ከኮርዱ ሦስት ድምፆች አንዱ ስለሆነ ኮርዱን አያበላሽም። ከአምስተኛው መጀመር የሚመረጠው መነሻው ኤ ከታች ጎልቶ እንዲሰማ ነው።

ከሁለቱ ኮርዶች አንዱን ይዞ ወደ ሌላው መሻገር ደግሞ የሚቀጥለው ሥራ ነው። ከኢ ማይነር ወደ ኤ ማይነር ሲሄዱ የመሀልና የቀለበት ጣቶች እንደ ተጣመሩ አንድ ክር ይወርዳሉ፤ አመልካች ጣትም በሁለተኛው ክር አንደኛ ቤት ላይ ይታከላል። አራት ጊዜ አንዱን፣ አራት ጊዜ ሌላውን እየመቱ መመላለስ ነው። መጀመሪያ ላይ በመካከሉ ረጅም ዝምታ ይኖራል፤ ለፍጥነት ግን አይቸኩሉ። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የተባለው ለዚህም ይሠራል።

ክሩ አልሰማ ሲል

ጣቶቹ በቦታቸው ተቀምጠው ሳለ አንዱ ክር ቢታፈን ወይም እንደ ዝንብ «ዝዝዝ» ቢል ተስፋ አይቁረጡ። ክሮቹን አንድ በአንድ እየነኩ የታመመውን ይለዩ። ምክንያቱ ብዙውን ጊዜ ከሚከተሉት አንዱ ነው።

አንደኛ፣ ጣቱ ከብረቱ ርቆ ይሆናል። ጣት የሚውለው በብረቱ አናት ላይ አይደለም፤ በቤቱም መካከል አይደለም። በቤቱ ውስጥ ሆኖ ወደ ጊታሩ ሆድ በኩል ወዳለው ብረት የተጠጋ መሆን አለበት። እዚያ ሲሆን ጥቂት ኃይል ይበቃል። ሁለተኛ፣ ጣቱ ተኝቶ ጎረቤት የሆነውን ክር ነክቶ ይሆናል፤ የመጨረሻውን አንጓ አጥፎ በጣት ጫፍ ቀጥ ብሎ መጫን ነው። ሦስተኛ፣ የግራ እጅ ጥፍር ረዝሞ ጣቱ እንዳይቆም ከልክሎ ይሆናል። ጥፍር ማሳደግ የሚወዱ እህቶች የቀኙን እጅ እንዳለ ቢተዉት ይችላሉ፤ የግራው ግን መቆረጥ ይኖርበታል።

የጣት ጫፍ መለብለብ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የማይቀር ነው። በአብዛኛው ከሁለት እስከ አራት ሳምንት በሚሆን ጊዜ ውስጥ ቆዳው ይጠነክርና ሕመሙ ይረሳል። ነገር ግን የጣት ጫፍ መለብለብ ሌላ፣ የእጅ አንጓና የክንድ ሕመም ሌላ ነው። አንጓ ወይም ክንድ ካመመ አቁሞ ማረፍ፣ አቀማመጥንም ማስተካከል ይገባል፤ ሕመሙ ከቀጠለ ለሐኪም ማሳየት ነው።

ለቤት እመቤቶች በተለይ የምናሳስበው አንድ ነገር አለ። ልብስ ወይም ዕቃ ታጥቦ እንዳለቀ ወዲያው ጊታር አይያዙ። ውሃ የጠጣ ቆዳ ስለሚለሰልስ ክሩ ይቆርጠዋል፤ በፊት የጠነከረውንም ያስልጠዋል። እጅን በደንብ አድርቆ ግማሽ ሰዓት ያህል መቆየት ይጠቅማል። ስለዚህ ልምምዱን ከእጥበት በፊት ማድረግ ወይም ማታ ሥራ ሁሉ ከተጠናቀቀ በኋላ ማዋል ይመረጣል።

የክሩም ዓይነት ልዩነት አለው። የናይለን ክር ለጣት የለሰለሰ ሲሆን የብረት ክር ጠንከር ያለ ነው። ይሁን እንጂ ለናይለን በተሠራ ጊታር ላይ የብረት ክር መወጠር ጥፋት ነው። ስድስት የብረት ክሮች በአንድነት ከ60 ኪሎ በላይ በሆነ ኃይል ስለሚስቡ ክሮቹ የታሰሩበትን ድልድይ ሊነቅሉት፣ አንገቱንም ሊያጎብጡት ይችላሉ። እንዲሁም ጊታርን ከከሰል ምድጃ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር ማኖር ሙጫውን ያላቅቀዋል፤ እንጨቱንም ያጣምመዋል።

ጊታሯን ትታ የተመለሰችው ሴት

«ዕድሜዬ አልፏል» ለሚሉ እህቶች የኤሊዛቤት ኮተንን ታሪክ መንገር ተገቢ ይመስለናል። ኮተን በአሜሪካ በኖርዝ ካሮላይና ግዛት እ.ኤ.አ. በ1893 የተወለደች ጥቁር አሜሪካዊት ነበረች። ገና በልጅነቷ በሰው ቤት ተቀጥራ ካጠራቀመችው ገንዘብ 3 ዶላር ከ75 ሳንቲም ከፍላ ጊታር ገዛች። ግራኝ ስለነበረች ጊታሩን ገልብጣ ያዘችው፤ ሌሎች ተጫዋቾች በአውራ ጣት የሚመቷቸውን ወፍራም ክሮች እርሷ በጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ መታች። አስተማሪ አልነበራትም፤ የራሷንም ዘፈኖች ደረሰች።

ከዚያም ገና በወጣትነቷ አግብታ ልጅ ወለደች። የቤት ኃላፊነትና የሰው አስተያየት ተጨምሮ ጊታሯን ተወችው። ብዙ ዓሥርት ዓመታት እንዲሁ አለፉ። ዕድሜዋ ወደ 60 ሲጠጋ በዋሽንግተን ከተማ ሲገር በሚባል የሙዚቃ ባለሙያዎች ቤተሰብ ዘንድ በቤት ሠራተኝነት ተቀጥራ ስትሠራ፣ በቤቱ የነበረውን ጊታር አንሥታ መጫወት ጀመረች። የቤቱ ልጆች ሰምተው ተደነቁ። የመጀመሪያው አልበሟ እ.ኤ.አ. በ1958 ወጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1985 ደግሞ ከ90 ዓመት በላይ ሆና ሳለ የግራሚ ሽልማት ተቀበለች። ያረፈችው እ.ኤ.አ. በ1987 ነው።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው ሁሉም ሰው ተሸላሚ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን አንዲት ሴት ያንን ሁሉ ዘመን ከጊታር ርቃ የኖረችው ጣቶቿ ስላቃታቸው አልነበረም። ጣቶቿ ሲመለሱ ሥራቸውን አልረሱም። የጠፋው ጊዜና ቦታ የሰጣት ሰው ነበር። ባትመለስ ኖሮስ ያ ሁሉ ዜማ ከእርሷ ጋር በቀረ ነበር።

ትዝታና ኤ ማይነር

ምናልባት «ጊታር የባዕድ መሣሪያ ነው፤ ለእኛ ዜማ ምን ይረባል?» የሚል ጠያቂ ይኖር ይሆናል። እንደሚታወቀው ከዋና ዋናዎቹ ቅኝቶቻችን አንዱ ትዝታ ነው። ትዝታም ሁለት መልክ አለው፤ የሙዚቃ ባለሙያዎች አንዱን ትዝታ ሜጀር፣ ሌላውን ትዝታ ማይነር ይሏቸዋል። ትዝታ ሜጀር ከኤ ሲጀምር አምስቱ ድምፆች ኤ፣ ቢ፣ ሲ ሻርፕ፣ ኢ እና ኤፍ ሻርፕ ናቸው። ትዝታ ማይነር ሲሆን ሦስተኛውና አምስተኛው በአንድ አንድ ቤት ይወርዱና ኤ፣ ቢ፣ ሲ፣ ኢ እና ኤፍ ይሆናሉ።

አሁን የኤ ማይነር ኮርድን ድምፆች እናስተያይ፤ ኤ፣ ሲ እና ኢ ናቸው። ሦስቱም በትዝታ ማይነር ውስጥ ይገኛሉ። ስለዚህ ይህን አንድ ኮርድ ብቻ የምታውቅ ልጅ አያቷ በትዝታ ማይነር ሲያንጎራጉሩ ቀስ እያለች ብታጅባቸው ጣልቃ የገባ ባዕድ ድምፅ አይሰማም። የአያትዋ ድምፅ ከኤ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ክሮቹን በመጠኑ ላላ ማድረግ ወይም ካፖ የሚባለውን የአንገት መቆንጠጫ መጠቀም ይቻላል። ካፖ በሁለተኛ ቤት ላይ ቢታሰር የጣቶቹ አቀማመጥ ሳይለወጥ ኮርዱ ሁለት ቤት ከፍ ይላል። ኮርዱ ለሁሉም ቅኝት አይሆንም፤ አንቺ ሆዬንና አምባሰልን በዚሁ አጅባለሁ ማለት ስሕተት ነው። ለትዝታ ማይነር ግን ጥሩ መነሻ ነው።

የ15 ደቂቃው ነገር

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። በብዙ ቤት ወንዱ ልጅ ጊታር ይዞ ሲቀመጥ «ይለማመድ፤ አትረብሹት» ይባላል። እኅቱ ስትይዘው ግን ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ «ቡናው አልተቆላም እንዴ?» የሚል ድምፅ ከጓዳ ይመጣል። እናትየዋ ከያዘችውማ ሳቁ ይበዛል። ማንም በክፋት ያደረገው ላይሆን ይችላል፤ ልማድ ነው። ውጤቱ ግን አንድ ነው። ጣት የሚጠነክረው በየቀኑ በሚደረግ አጭር ልምምድ ስለሆነ በአራት ቀን አንድ ጊዜ የምትሞክር ልጅ ሁልጊዜ ከመጀመሪያው ሕመም ላይ ትነሣለች። በሦስተኛው ሳምንት «ለእኔ አልተፈጠረም» ብላ ትሰቅለዋለች። በእውነቱ የጎደለው ችሎታዋ ሳይሆን ጊዜዋ ነው።

በመሆኑም ቤተሰቡ ተመካክሮ ለእያንዳንዱ ተማሪ የታወቀ ሰዓት ቢመድብ መልካም ነው። አባት ሕፃኑን ይያዝ፤ ወንድምየውም ቡናውን ይቁላ። 15 ደቂቃ ቡና ተቆልቶ እስኪወቀጥ ያለች ጊዜ ናት። ሕፃን የተኛ እንደሆነም ክሮቹን በአውራ ጣት ሥጋ ቀስ ብሎ መንካት ይቻላል፤ ማይነር ኮርድ በለሆሳስ ሲመታ ይበልጥ ያምራል። በቤት ያሉ ልጆችም መማር ቢፈልጉ ሙሉው ጊታር ለትንሽ እጅ ስለሚከብድ በግማሽና በሦስት አራተኛ መጠን የተሠሩ ጊታሮች መኖራቸውን ማወቅ ይጠቅማል።

ለመጀመሪያው ሳምንት የሚሆን ቅደም ተከተል እነሆ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ኢ ሜጀርን መያዝና አመልካች ጣትን እያነሡና እየመለሱ ልዩነቱን በጆሮ መለየት። በሦስተኛውና በአራተኛው ቀን ኢ ማይነርን እጅን ሙሉ በሙሉ አንሥቶ እንደገና ማስቀመጥ፤ ዓይንን ጨፍኖም መሞከር። በአምስተኛው ቀን ኤ ማይነርን መጀመር፣ ክሮቹንም አንድ በአንድ መፈተሽ። በስድስተኛውና በሰባተኛው ቀን አራት አራት ጊዜ እየመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው መመላለስ። ከዚህ በላይ በአንድ ሳምንት መጓጓት አያስፈልግም።

እህቶቻችንና እናቶቻችን ሆይ፣ የቤት ሥራ መቼም አያልቅም፤ እስኪያልቅ የምትጠብቅ ሴት ክሩን ሳትነካ ትኖራለች። ስለዚህ ዛሬ ማታ አቧራው ይጠረግ፣ ክሮቹ ይቃኙ፣ ኢ ማይነርም በሁለት ጣት ይያዝ። በቤት ያላችሁ ወንዶችም ኮርዱ ቢንሻፈፍ አትሳቁ፤ ሳህኑን አጥባችሁ ጠብቁ።